ቲርዛና የስልክ ምላሷ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በክራግሾ ሸለቆ፣ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል ይባል ነበር። አንደኛው ሞት የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሚስተር ክራብትሪ ቤት ድረስ መጥተው ቁመትን በዐይናቸው ሲለኩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤት በድንጋይ ካቡ ላይ ተደግፎ «እሷማ አነጋገሯ ተለወጠ» ያለ ዕለት ነው። ይኸኛው ይከፋል። በመጀመሪያው ሞት ቢያንስ ለቀባሪው ሻይና የአሳማ ሥጋ ይቀርባል፤ በሁለተኛው ግን ሟች ሻዩን ራሷ እያፈላች፣ ሲቀብሯት ቆማ እያየች ነው የምትቀበረው።

ቲርዛ ሆልሮይድ ሁለተኛውን ሞት የሞተችው ገና በወጣትነቷ፣ በደኅና ጤና፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈላት ነበር።

እናቷ ሸማኔ ነበረች፤ የሽመና ፋብሪካው ጩኸት ጆሮዋን ስላደነቆረው ቤት ገብታ ጨው ስትጠይቅ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል። አባቷ በጋሪ ከሰል ያመላልስ ነበር፤ ዝምታውን የሚወደው ከሚስቱ ጩኸት ለማረፍ ነው ይባላል። ቲርዛ የበኩር ልጅ ነች። ታናሿ ዚላ በአራት ዓመት ታንሳታለች። ሁለቱ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጓትተው፣ በቀን ሰባቴ ተጣልተው ስምንቴ ታርቀው ያደጉ ናቸው።

ነገሩ እንዲገባ ስለዚያ አገር አነጋገር አንዲት ነገር መናገር ግድ ነው። የከተማው እንግሊዝኛ ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ንግሥቲቱም «ዩ» ናት፣ ውሻዋም «ዩ» ነው። ትልቅና ትንሹን እኩል እናክብር ብለው ይሁን ሰንፈው፣ ሁሉንም አንቱ ብለው ቀሩ። ክራግሾ ግን አልተቀበለችም። እዚያ «ዛ» የምትባል አሮጌ ቃል አለች፤ እንደኛ አንተና አንቺ ማለት ናት። ወንድም «ዛ» ይባላል፣ ሚስት «ዛ» ትባላለች፣ እግር የሚረግጥ ፈረስም «ዛ» ተብሎ ይሰደባል። «ዩ» የሚባሉት ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ቤት አከራዩ፣ እና የተቀየሙት ሰው ናቸው። ስለዚህ በዚያ ሸለቆ ቂም ለመያዝ መሳደብ አያስፈልግም፤ ማክበር ይበቃል።

ቲርዛ ሃያ ዓመት ሲሞላት በአቅራቢያው ከተማ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጠረች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች ሰውን ከሰው ማገናኘት ነበር ሥራዋ። የሴቶቹ አለቃ ግን ክራግሾኛ የሚባል ነገር በመሥመሩ ላይ እንዲያልፍ አትፈቅድም። ልጅቱን በጥርሷ ቡሽ አስነክሳ አናባቢ አስጠናቻት። ያ ከእናቷ የወረሰችው ሻካራ ምላስ ታጠበ፣ ተጨመቀ፣ ተተኮሰ። ዓመት ሳይሞላ ቲርዛ ስትናገር የሰማ ሁሉ ራዲዮ የተከፈተ ይመስለው ጀመር።

ችግሩ ምላስ እንደ ሥራ ልብስ በምስማር ላይ ሰቅለውት የሚመጡት ዕቃ አለመሆኑ ነው። ባሏ ዊልፍ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ተጋብተው ጥቂት ጊዜ እንደሆናቸው አንድ ማታ «ሻይ ይፈልጋሉ?» ብላ ብትጠይቀው፣ ዊልፍ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደገባ ተመለከተ። ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ እንግዳ ፊት በሸሚዝ መቀመጥ ነውር ነውና።

ዊልፍ ታጋሽ ሰው ስለሆነ ለመደው። ያልለመደችው ዚላ ናት።

አንድ ጧት ዚላ ከኅብረት ሱቁ አጠገብ ካለው የሕዝብ ስልክ ሣጥን ገብታ ደወለች። የምትወደው ልጅ በዋዜማው «እንጋባ» ብሏት ነበርና ከእናቷም በፊት እኅቷ እንድትሰማ ፈልጋ ነው። አጋጣሚ ሆኖ መሥመሩን ያነሣችው ቲርዛ ራሷ ነበረች። ሌላው አጋጣሚ ደግሞ አለቃዋ ከኋላዋ ቆማ ማዳመጧ ነበር።

«የኛ ቲርዛ፣ አንቺ ነሽ?» አለች ዚላ በደስታ እየተፍነከነከች።

«እንደምን አደሩ፤ ከየትኛው ቁጥር ጋር ላገናኝዎት?»

«ኧረ እኔ ነኝ፣ ዚላ! ስሚኝማ፣ ያ ልጅ እኮ —»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እመቤት።»

 ከዚያ ዚላ በሕይወቷ አውጥታው በማታውቀው የጨዋ ድምፅ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት፤ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብላ ዘጋች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቲርዛ በዚያው ማታ ሄዳ ልታስረዳ ሞከረች፤ ግን አፏን ስትከፍት የወጣው «በጣም አዝናለሁ» የሚለው፣ መሥመር ሲያዝ ለደንበኛ የሚባለው ቃል፣ ከነዜማው ነበር። ዚላ በሩን በክብር ይዛ አሰናበተቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዚላ እኅቷን አንቺ ብላ ጠርታ አታውቅም። በሠርጓ ላይ «እርስዎ በዚህ በኩል ይቀመጡ» አለቻት። በገና ምሳ «ጎመን ይጨመርልዎ፣ እመቤት?» አለቻት። እናታቸው ስትሞት እንኳ ከመቃብሩ ዳር ክንዷን ይዛ፣ እያለቀሰች፣ «ጭቃው እንዳያንሸራትትዎ» አለቻት። እኅትማማቾቹ አልተኳረፉም፤ ይጠያየቃሉ፣ ኬክ ይለዋወጣሉ። አንዷ ግን ለሌላዋ እንደ ሐኪሙ «ዩ» ሆና ቀረች።

ዓመታት አለፉ። ማዞሪያውን የሚተካ ማሽን መጣና ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን አሰናበታቸው። ቲርዛ ማዳመጫውን አስረከበች፤ ድምፁን ግን የሚረከባት አላገኘችም። ሥጋ ቤት ሄዳ ቋሊማ ስትጠይቅ ሥጋ ሻጩ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቀጥ ይላል። ልጆች በር አንኳኩተው ሰዓት ይጠይቋታል፤ ሰው ከፍሎ ሲደውል በስልክ ሰዓት የሚናገረውን ድምፅ በነጻ ለመስማት።

ክራግሾዎች በየዓመቱ የካቲት ላይ አንድ በዓል አላቸው፤ የምላስ ቀን ይሉታል። ከየሸለቆው፣ ከየአውራጃው የመጣ ሰው በጸሎት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ በአያቱ አነጋገር ያወራል፣ ይሳደባል፣ ይዘፍናል። ላሸነፈ የሚሰጠው ሽልማት ተቀቅሎ የተጠፈጠፈ የበሬ ምላስ ነው። የወደቀ ደግሞ የዕቃ እጥበት አለበት። ሕጉ አጭር ነው፦ ደወል ከተደወለበት እስከ ሽልማቱ ድረስ በአዳራሹ ውስጥ ማንም ማንንም «ዩ» አይልም፤ ቄሱም ሆኑ ሚስተር ክራብትሪ አንተ ናቸው። መድረክ ላይ የከተማ ቃል ያመለጠው ሰው የቆርቆሮ ትሪ በማንኪያ ይመታበታል፤ ሦስተኛው ትሪ ከተመታ ውረድ ነው።

ትሪውን የምትመታው ዚላ ነበረች። ስለታም ጆሮና ከባድ ክንድ ያላት ሌላ ሰው በሸለቆው አልተገኘም።

ቲርዛ ስልሳን ካለፈች በኋላ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠች፣ የምላስ ቀን እወዳደራለሁ ስትል ዊልፍ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት። እሷ የበሬውን ምላስ አልፈለገችም፤ እንዲያውም ስታየው ያቅለሸልሻታል። የፈለገችው ሕጉን ነው። አዳራሽ ውስጥ እርስዎ ማለት ክልክል ከሆነ፣ ተወዳዳሪውን ወደ መድረክ የምትጠራው ደግሞ ባለ ትሪዋ ከሆነች፣ ዚላ ወደደችም ጠላች «ተራው ያንቺ ነው» ማለቷ አይቀርም። አንዲት አንቺ። በግድም ትሁን፣ በሕግም ትሁን።

ስለ እናቷ መሸመኛ አንድ ግጥም ጽፋ በጓሮ ለዶሮዎቿ ታነብላቸው ጀመር። ዊልፍ በኩሽናው መስኮት ሲያዳምጥ ሰንብቶ «የኔ ፍቅር፣» አላት በመጨረሻ፣ «አሪፍ ነው። ግን ዶሮዎቹ ቆመው ነው የሚሰሙሽ።»

የበዓሉ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ ያዘለ ዝናብ ይጥል ነበር። አዳራሹ በእርጥብ ካፖርትና በሚቀቀል አተር ሽታ ታፍኗል። ጸሎት ቤት ስለሆነ መጠጥ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ የሹራብ መሥሪያ ቦርሳ ይዘው መጥተው ነበር፤ አንዳቸውም ግን ሹራብ ሲሠሩ አልታዩም። ሚስተር ክራብትሪ የዳኛውን ወንበር ይዘው፣ እንደ ሥራ ልማዳቸው፣ የሚገባውን ሁሉ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በዐይናቸው ይለካሉ።

መጀመሪያ የወጣው ከኮረብታው ማዶ፣ ከባላንጣው አውራጃ ከላንካሺር የመጣው አሞስ ኤንትዊስል ነበር። እግሩ መድረኩን ሳይረግጥ ከኋላ አንዱ ከዚያ ማዶ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው ብሎ ጮኸበት። አሞስ ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን አራገፈና «የምንልክላችሁ ትታጠቡበት ብለን ነበር» አለ። ቀጥሎም የአማቱን ሰው ሠራሽ ጥርስ ስለበላ ውሻና ጥርሱ እስኪመለስ ድረስ ቤተሰቡ ስላሳለፈው ጥበቃ አወራ። ትሪው አልተነካም። ከእሱ በኋላ ከኒውካስል ከተማ የመጣ አንድ ሰውዬ ወጣ፤ ከተናገረው ውስጥ አንዲት ቃል የገባው ሰው አልነበረም። ዚላ የምትመታው ቃል አጥታ ማንኪያዋን እንዳነሣች ቀረች። ሚስተር ክራብትሪ በሐሳብ አገጫቸውን አሽተው «ወይ ፍጹም ነው፣ ወይ አሞታል» ሲሉ ፈረዱ።

የቲርዛ ተራ ደረሰ። ዚላ ከወንበሯ ተነሣች።  ዚላ አፏን ገጥማ፣ በማንኪያዋ መጀመሪያ ወደ እኅቷ፣ ቀጥሎ ወደ መድረኩ አመለከተችና ተቀመጠች። ሕጉ እርስዎ አትበሉ ይላል እንጂ ተናገሩ አይልም።

የቆጡን አወርድ ብላ ሆነ። ቲርዛ ያሰበችው ነገር በማንኪያ ጫፍ ተነነ፤ እሷም መድረክ ላይ ብቻዋን ቀረች።  ምላሷ እንደተለመደው ቀድሟት ሄደ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ክቡራትና ክቡራን።»

ትሪው ጮኸ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ቲርዛ ወደ ግጥሟ ሮጠች፤ ሁለት አንጓ ያህል በደኅና ሄደች። ሦስተኛው ላይ ስንኙ ጠፋት። ዝም ብትል ይሻል ነበር፤ ግን በማዞሪያ ቤት ዝምታ ወንጀል ነው፣ ደንበኛ ይዘጋል። አፏ ራሱ ክፍተቱን ሞላው።

«እባክዎ መሥመሩ ላይ ይቆዩ፤ እያገናኘሁዎት ነው።»

ዚላ ትሪውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል መታችው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ቲርዛ፣ እስቲ ከሰማይ ቤት ጋር አገናኚኝማ፤ አማቴ ደርሳ እንደሆን ልጠይቅ» አለ። «እዚያ መሆኗን በምን አወቅህ?» አለው ሌላው። «ሌላውን ቁጥር ደውዬ፤ አናውቃትም፣ ቤቱን ትበጠብጣለች ብለን ሰደድናት አሉኝ።»

አንድ ትሪ ቀራት። ቲርዛ ወደ እኅቷ ተመለከተች። ዚላ ትሪውን በሽርጧ እየወለወለች ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ደስ ብሏት፣ ጉንጯን ወጥራ። በልጅነታቸው ሙሉውን ብርድ ልብስ ስባ ስትተኛ የምታሳየው ፊት ይኸው ነበር። ቲርዛ ያን ፊት ስታይ ቡሹ ከጥርሷ መካከል ፈትለክ ብሎ የወጣ ያህል ተሰማት።

«ግጥሙ ይቅር፣» አለች። ድምፁ ከደረቷ ሥር ነው የመጣው፣ ሻካራና ሰፊ፤ የእናቷ ድምፅ ነበር። ዊልፍ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ቀና አለ። «ስለዚች ስለኛ ዚላ ሱሪ ነው የማወራችሁ።»

 ዚላ ማንኪያውን አነሣች፤ የምትመታው ግን አላገኘችም።

ቲርዛም የጦርነቱን ዘመን የጰራቅሊጦስ ሰልፍ ታወራ ጀመር። በጰራቅሊጦስ የክራግሾ ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ዓርማ በጥብጣብ ይዘው፣ እየዘመሩ ኮረብታውን ይወጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ ግን ጨርቅ የለም፣ ላስቲክም እንደ ልብ የለም። እናታቸው የሴቶቹን ልጆች የውስጥ ሱሪ ከዱቄት ከረጢት ሰፋች፤ ማኅተሙ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ አለ። በዚላ መቀመጫ ላይ በትልልቅ ፊደል «ምርጥ፣ ያለ እርሾ በራሱ የሚነሣ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ሰልፉ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ የሱሪዋ ቁልፍ ተበጠሰ። በራሱ የሚነሣው በራሱ ወረደ። ዚላ ግን ጥብጣቡን አለቀቀችም፣ መዝሙሩንም አላቋረጠች፤ እግሯን አንድ፣ ሁለት ብላ አወጣችና እንደ ቅድስት ሽቅብ ተራመደች። ከኋላዋ አባቱን ተከትሎ የሚሄደው የሣጥን ሠሪው ልጅ ጎንበስ አለ፣ ሱሪዋን አነሣ፣ እንደ ሬሳ ልብስ በአራት አጠፈና በባርኔጣው ውስጥ አስቀመጠ።

የሣጥን ሠሪው ልጅ አሁን በዳኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሚስተር ክራብትሪ ፊታቸው ሳይፈታ «ንጹሕ ነበር» ብለው መሰከሩ።

ከዚህ በኋላ የሚነገር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በወንበሩ ላይ በሣቅ ተዘርሮ ነበርና። ዚላ ብቻ ተነሥታ ቆማለች። ፊቷ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ተወዳዳሪ መድረክ ላይ ሳለ ባለ ትሪ መናገር አይፈቀድላትም፤ ይህ ከሕጎቹ ሁሉ የቆየው ሕግ ነው። ዚላ ግን ትሪውን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«የማን ሱሪ ነው ያልሽው?» አለች። «የማን? ያንቺ ነበር እኮ! የኔው ላስቲክ ነበረው! አንቺ አይደለሽም እንዴ ጧት በጨለማ ተነሥተሽ የኔን ለብሰሽ፣ ባለ ቁልፉን ትራስጌዬ ጥለሽልኝ የሄድሽው?»

 እውነት ነበር። ቲርዛ ያን ያህል ዘመን በታሪኩ በሆዷ ስትስቅበት፣ ያቺን ጧት ከታሪኩ ውስጥ አውጥታት ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ስለ ሱሪው ማሰብ አልቻለችም። በጆሮዋ የቀረው ሌላ ነገር ነበር።

«ዳሌሽ ሰፊ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንቺን ይይዝሻል ብዬ ነው።»

«የማን ዳሌ? አንቺ ራስሽ በጋሪ በር በጎን የምትገቢ!»

እዚያው በመድረኩና በወለሉ መካከል ተያያዙ። ላስቲኩ፣ ብርድ ልብሱ፣ የእናታቸው የሻይ ማንቆርቆሪያ ማን ዘንድ እንደቀረ፣ የስልክ ሣጥኑ፣ «እመቤት» መባሉ፣ ሁሉም ተዘረገፈ። ዚላ ከእያንዳንዱ ስድብ ፊት አንቺን እያስቀደመች ነው የምትወረውረው፤ ለአሥርት ዓመታት ቋጥራ ያስቀመጠችውን ሁሉ። ቲርዛም ትቀበላለች፣ ትመልሳለች፣ አንዳንዴም መልስ እያላት ዝም ትላለች፤ ሌላ እንዲጨመርላት። ከኒውካስል የመጣው ሰውዬ እንባውን እየጠረገ አጨበጨበ፤ ምን እንደገባው ግን የጠየቀው የለም።

ሚስተር ክራብትሪ በመጨረሻ ተነሡ። ከዚህ የበለጠ ጥሩ ክራግሾኛ በዚህ አዳራሽ ተሰምቶ እንደማያውቅ ተናገሩ። ነገር ግን በአንድ ሰው ተራ ሁለት ሰው መናገር ክልክል ነው፤ ባለ ትሪም መናገር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ወድቀዋል፣ ምላሱም ኮረብታውን ይሻገራል። ክራግሾዎች በጩኸት አዳራሹን ሊያፈርሱት ደረሱ። አሞስ ኤንትዊስል የበሬውን ምላስ በሳህን ተቀብሎ፣ በእኅትማማቾቹ አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ አለላቸው። «እናንተ የየራሳችሁ አላችሁ፤ እኔ ነኝ የቸገረኝ» አለ። ደወሉ ተደወለ፤ ሕጉም ተነሣ።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ኩሽና አተርና የሥጋ ኬክ የተበላበት ሳህን እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ቲርዛ እጅጌዋን ሰብስባ ታጥባለች፣ ዚላ በፎጣ ታደርቃለች። ሌላ ሰው የለም።  ቲርዛ ፈርታለች። እዚያ ውስጥ የተባለው በንዴት ተባለ፣ በሕግም ተባለ፤ እዚህ ግን ሕግ የለም። የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሚሆን የምታውቀው ዚላ ብቻ ናት። ቲርዛ ሳህኖቹን በጣም በቀስታ ማጠብ ጀመረች፤ አንዲቱን ሁለት ጊዜ አጠበች።

ዚላ የተሰጣትን ሳህን ወደ አምፖሉ አንሥታ አየችው። 

«አንቺ፣» አለች፣ «ይቺ አተር አለባት። ዐይንሽንም ማዞሪያ ቤት ጥለሽው ነው የመጣሽው?»

ቲርዛ ሳህኑን ተቀብላ በደንብ አጠበችው። የሚቀጥለውን ስታጥብ ግን ከጠርዙ ላይ አንዲት አተር አየች፤ አውራ ጣቷ ሄዶባት ነበር፣ መለሰችው። ሳህኑን ከነአተሯ ለእኅቷ አቀበለችና ጠበቀች።